ዳሽቦርድ ላይ የተቀመጠችው ድንጋይ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር እዚሁ ገጽ ላይ ስለ ጎና አንዲት አጭር አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። አፋር ውስጥ ከሀዳር ጎን ያለች ቦታ ናት፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሞላቸው የድንጋይ መሳሪያዎች ተገኝተውባታል፣ በቃ ከዚህ ብዙም አልዘለልኩም። የመጣው ጥያቄ ግን ለሌላ ርዕስ እንዲህ መጥቶ አያውቅም፣ ከሾፌር ከተማሪ ከእናት ከሽማግሌ፣ ስለዚ የዛሬውን ገጽ ሙሉውን ለድንጋይ ሰጥቼዋለው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልያለው፣ ያልደረሰላችሁ አትቀየሙኝ። የግኝቶቹ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ሚሌ ከዛ ጅቡቲ ነው የምመላለሰው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎማ ልንቀይር በባቲና በሚሌ መሀል ቆመን ከመንገዱ ትንሽ ገባ ስል አንድ ድንጋይ አነሳሁ፣ መዳፍ የምትሞላ፣ ባንድ በኩል ድብልብል ያለች በሌላው በኩል ተፈልጣ ስለት ያወጣች፣ ደስ ስላለችኝ ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጥኳት። ረዳቴ ተራ ድንጋይ ናት ይላል፣ እኔ ግን ያንተን ጽሁፍ ካነበብኩ በኋላ ጠረጠርኩ። በምን ይታወቃል? ተራ ድንጋይስ ወድቆ እንዲህ አይሰበርም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ጥርጣሬህ የሞኝ አይደለም፣ የባቲ ሚሌ መንገድ እኮ የጎና ተመራማሪዎች በሚሰሩበት አካባቢ ነው የሚያልፈው። ግን ድንጋይ በደብዳቤ አይመረመርም፣ ስለዚ ናት ወይም አይደለችም አልልህም፣ እንዴት እንደምታያት ልንገርህና ከረዳትህ ጋር እዛው ተከራከሩ።

መጀመሪያ ሁላችንም የምንሳሳትባት ነገር አለች። የድንጋይ መሳሪያ ሲባል ሰው የሚያስበው ያንተን አይነቷን ነው፣ መዳፍ የምትሞላዋን ትልቋን። ድሮ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደዛ ነበር የሚያስቡት፣ ቾፐር ብለው ስም አውጥተውላት መክተፊያ ናት ይሉ ነበር። ኋላ ላይ ግን በ1980ዎቹ ኒኮላስ ቶት የሚባል አሜሪካዊ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ድንጋይ እየመታ ሲሞክረው ብዙውን ጊዜ የተፈለገው ከሷ ላይ ተፈልጦ የወደቀው ቀጭኑ ፍላጭ እንደሆነ አሳየ፣ ፍሌክ የሚሉት። ትልቋ ኮር ትባላለች፣ የተላጠች ብርቱካን በላት፣ ብርቱካኑን ጥሎ ልጣጩን ይዞ መሄድ እንደማለት ነው ነገሩ። በርግጥ አጥንት ፈንክቶ መቅኔ ማውጣት ሲያስፈልግ እሷም አትጣልም፣ ቆዳ ሰንጥቆ ስጋ የሚቆርጠው ግን ልጣጩ ነው።

አሁን አፈላለጡ። አንተ ሾፌር ስለሆንክ ይሄ ቶሎ ይገባሃል፣ ከፊትህ ያለው መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወትህን ሲመታው አይተሃል፣ ጠጠሯ የነካችው ነጥብ የምታክል ቦታ ናት፣ ወደ ውስጥ ግን እንደ ጥሩምባ አፍ እየሰፋ ነው የሚሄደው። ጥሩ ድንጋይም እንደዛው ነው። መሀሉን ብትመታው ወይ ምንም አይሆንም ወይ ዝም ብሎ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ጋ ከጠርዙ አንድ ጣት እንኳን የማይሞላ ወደ ውስጥ ገባ ብለህ ከመታኸው ግን የጥሩምባው ግማሽ ብቻ ድንጋዩ ውስጥ ይገባና ቅርፊት የመሰለ ነገር ተገንጥሎ መዳፍህ ላይ ይቀራል ወይ ይወድቃል። ድምጹ ራሱ ይለያል፣ ሲሳካ ቀጭ፣ ሳይሳካ ድው። እና የጠርዙ አንግል የግድ ከ90 ዲግሪ ማነስ አለበት፣ ከዛ ከበለጠ እስኪመሽ ብትደበድበው አይፈለጥልህም፣ ለዛ ነው ድብልብል ድንጋይ ለመጀመር የሚያስቸግረው።

ስለዚ ያንተዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ እያት። ፍላጭ ከወጣባት ከጠርዟ ጀምሮ እርጎ በማንኪያ የተጨለፈበት የመሰለ ጎድጓዳ ይኖራታል። አንድ ጎድጓዳ ብቻ ከሆነ ረዳትህ ሊረታህ ይችላል፣ ድንጋይ ገደል ወርዶም ጎርፍ አላግቶትም ያንተ ጎማ ሄዶበትም አንድ ጊዜ ይፈለጣል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው፣ የኋለኛው የፊተኛውን ጠባሳ ቆርጦት አልፎ፣ ከዛም ድንጋዩ ተገልብጦ በወዲያኛው ጎኑ ደግሞ ከተመታ ግን ይሄን ጎርፍ አይሰራውም። ፍላጭ ብታገኝ ደግሞ ከላይ የተመታችበት ትንሽዬ ጠፍጣፋ ቦታ አላት፣ ከሱ ስር በሆዷ በኩል እብጠት አለ፣ አውራ ጣትህን ስታሳርፍበት ይታወቅሃል። በጀርባዋ ብዙ ጊዜ ወንዝ ያለሰለሰው የድንጋዩ ቆዳ ቀርቶባት ታያለህ።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። ድንጋይ መቼ እንደተመታ ራሱ አይናገርም። ድንጋዩ ከተፈጠረ ሌላ እድሜ ነው፣ ከተመታ ሌላ። ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን የተባለው መሳሪያዎቹ የተቀበሩበት አፈር ተነቦ ነው፣ ከነሱ በላይ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጡ በታመቀው የአርጎን ጋዝ ሲለካ ወደ 2.52 ሚሊዮን መጣ፣ ከታች በኩል ደግሞ አፈሩ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የብረት ማዕድናት የመሬት መግነጢስ ሰሜኑ ደቡብ ደቡቡ ሰሜን ሆኖ የተገለበጠበትን ጊዜ ይዘውት ቁጭ ብለዋል፣ ያ ግልበጣ ደግሞ የትም ዓለም ሄደህ ብትለካው ወደ 2.6 ሚሊዮን ነው። መሳሪያዎቹ በሁለቱ መሀል እንደ ሳንዱች ገብተው ነው የተገኙት። ያንተዋ ግን አፈሯን ጥላ ነው ዳሽቦርድ ላይ የወጣችው። መሬት ላይ ተጋልጣ ስለነበር ግማሹን ታሪኳን ቀድማ አጥታዋለች፣ ግማሹን ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝና አንተ ነህ ያጠፋህባት።

ምን ላድርግ ካልከኝ ቦታው ሳይጠፋህ አሁኑኑ ጻፈው፣ ከየትኛው ድልድይ ስንት ኪሎሜትር፣ መንገዱ በግራ ነው በቀኝ፣ ከዛ ሰመራ ስታልፍ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ከነወረቀቷ አስረክባት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል፣ ምስጋና ነው የሚጠብቅህ ብዬ አስባለው። ብቻ እባክህ ሰልችታህ ጋላፊ አካባቢ በመስኮት እንዳትወረውራት፣ የሆነ ጊዜ አንድ ምስኪን ተማሪ አዲስ ቦታ አገኘሁ ብሎ መመረቂያ ይጽፍባታል።

ጥያቄ፦ ደሴ የምማር የታሪክ ተማሪ ነኝ። አንተ ጎና ብለህ ስታሞካሽ አስተማሪያችን ግን የድንጋይ መሳሪያ ጥንታዊነት ሪከርድ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ኬንያ ገብቷል አለን። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለምን አላልክም?

መልስ፦ አስተማሪህ ልክ ነው፣ እኔም አልደበቅኩም፣ አንቀጿ ጠበበችብኝ እንጂ። ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ ሎሜክዊ 3 የሚባል ቦታ አለ፣ በ2015 ይፋ ሲሆን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ተባለ፣ ይሄ ከጎና በ700 ሺህ ዓመት ይቀድማል። የንብርብሩን ነገር የሚከራከሩበት ተመራማሪዎች አሉ፣ ግን ቁጥሩ ይሄ ነው። እዛው ኬንያ ኒያያንጋ ላይ ደግሞ በ2023 የታተመ ግኝት አለ፣ እድሜው በ2.6 እና በ3 ሚሊዮን መሀል ነው፣ የታረደ ጉማሬ አጥንት ጭምር አለበት። እኛም ጋ ቢሆን ጎና ብቻዋን አይደለችም፣ ጎረቤቷ ሌዲ ገራሩ ውስጥ ቦኮል ዶራ የሚባለው ቦታ በ2019 በ2.6 ሚሊዮን ተመዝግቧል። ዲኪካ ላይ ደግሞ በ2010 የ3.4 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ላይ የመቁረጫ ምልክት አየን ያሉ አሉ፣ የለም አዞ ወይ የእንስሳ እግር የረገጠው ነው የሚሉም አሉ፣ ድንጋዩ ራሱ ግን እዛ አልተገኘም።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ለዛ ነው ጎናን የመረጥኩት። የሎሜክዊዎቹ ድንጋዮች ግዙፍ ናቸው፣ አንዳንዱ በሁለት እጅ የሚነሳ፣ መሬት ላይ ካለ ሌላ ድንጋይ ጋር እያላተሙ ነው የሰበሩት የሚመስለው፣ ኃይል ይበዛበታል። ጎና ስትመጣ ሌላ ነገር ነው፣ ድንጋዩን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መዶሻ ድንጋይ ጠርዙን መርጦ መምታት ነው፣ አንድ ፍላጭ ካወጣ በኋላ የቀረውን ጠባሳ ለሚቀጥለው መምቻ ያደርገዋል፣ አገላብጦ ይመታል። ዶክተር ስለሺ ሰማው ከ1992 ጀምሮ ኢጂ10 እና ኢጂ12 የተባሉትን ጉድጓዶች ቆፍሮ በ1997 ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ሲያወጣው (ከሱ በፊት በ1970ዎቹ ኤሌን ሮሽ እና ጃክ ሀሪስ አካባቢው ላይ መሳሪያዎች አግኝተው ነበር፣ ወደ ትልቅ ነገር የቀየረው ግን እሱ ነው) ወደ 3000 የሚጠጉ ድንጋዮች ነበሩት፣ እና ዋናው የተናገረው ነገር እነዚህ ሰዎች፣ ሰዎች ካልናቸው፣ ጀማሪ አይመስሉም የሚል ነበር። ቁጭ ብለው አንግል ያውቃሉ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፣ ድንጋይም ይመርጣሉ። በ2005 የወጣ ጥናት አለ፣ ምን አደረጉ መሰለህ፣ የጥንቱ አዋሽ ያኔ አምጥቶ የከመረውን የጠጠር ንጣፍ ፈልገው አገኙት፣ መሳሪያ ሰሪዎቹ ድንጋይ የሚለቅሙበት ገበያ ማለት ነው። ከዛ እዛ ያለውን ድንጋይ በየአይነቱ ቆጠሩ፣ ይሄን ያህሉ ትራካይት፣ ይሄን ያህሉ ራዮላይት፣ ይሄን ያህሉ ባዛልት፣ ስንቱ ደቃቅ ነው ስንቱ ውስጡ ፍሬ ፍሬ አለበት ብለው፣ ከጉድጓዶቹ ከወጣው መሳሪያ ጋር አስተያዩት። አልተመጣጠነም። ዝም ብለው ያገኙትን ቢያነሱ ኖሮ በወንዙ ልክ ይሆን ነበር፣ እነሱ ግን ደቃቁን፣ ለስላሳውን፣ ፍሬ የሌለበትን ለይተው ነው የወሰዱት። ፍሬ ያለበት ድንጋይ ስትመታው ስንጥቁ ፍሬው ጋ ሲደርስ ይጠመዘዛል፣ ስለቱ ይበላሻል፣ ይሄን የሚያውቅ መቶም ሁለት መቶም ድንጋይ ያበላሸ ነው። እናትህ ገበያ ሽንብራ በጥርሷ ሰብራ ሳታይ እንደማትገዛው በለው። 2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደዚህ የሚመርጥ ካለ ከሱ በፊት የተማረበት ረጅም ጊዜ መኖር አለበት፣ ስለዚ ሎሜክዊ ሲመጣ እኔ በበኩሌ ጎና ተሸነፈች ብዬ አላዘንኩም፣ እንደውም ይጠበቅ የነበረው ነገር ነው የመጣው።

መሳሪያዎቹ ደግሞ ደለል ውስጥ፣ የጥንቱ ወንዝ ዳር በሚያርፍ ደቃቅ ጭቃ ውስጥ ስለተቀበሩ ጠርዛቸው አልተበላም። ትናንት የተመታ ነው የሚመስለው።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የባለፈውን ጽሁፍ ለ9 ዓመት ልጄ በአማርኛ አነበብኩለት (አማርኛው እንዳይጠፋ ብዬ ነው)፣ እሱ ግን ጦጣም እኮ ድንጋይ ይሰብራል ቪዲዮ አይቻለው ብሎ አፌን አስያዘኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ግማሹን ልክ ነው። ብራዚል ሴራ ዳ ካፒቫራ ውስጥ ያሉ ጦጣዎች ድንጋይ በድንጋይ ሲመቱ ከጎና ፍላጭ ጋር የሚመሳሰል ነገር ይወድቃል፣ በ2016 ተጽፎ ብዙዎቻችንን አስደንግጦ ነበር። ግን ጦጣዎቹ ፍላጩን ዞር ብለው አያዩትም፣ የተፈጨውን ዱቄት ነው የሚልሱት። ቺምፓንዚም ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ለውዝ በድንጋይ ይፈነክታል፣ ስለት አያወጣም።

ካንዚን ንገሪው፣ ልጆች ይወዱታል። ካንዚ ቦኖቦ ነበር (የቺምፓንዚ የቅርብ ዘመድ ነው)፣ አሜሪካ ውስጥ ያደገ። ከ1990 ጀምሮ እነ ቶት ምግብ ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ሳጥኑን በገመድ አስረው ገመዱን የሚቆርጥ ስለት በድንጋይ መስራት አሳዩት፣ ተማረ። ግን በእጁ እየመታ ማውጣቱ ሲያስቸግረው ሌላ ዘዴ ፈጠረ፣ ድንጋዩን አንስቶ ወለሉ ላይ ይፈጠፍጠዋል፣ ከዛ ከስብርባሪው ስለታሙን ይለቅማል። ብልጥ ነበር እኮ! ከዛ በኋላ ስለሺ እና እነ ቶት አንድ ላይ ሆነው ከጎና አካባቢ ያለውን ድንጋይ ለቦኖቦዎቹም ለዘመናዊ ባለሙያም ሰጥተው ውጤቱን ከጥንቶቹ ጋር አወዳደሩት። የቦኖቦዎቹ ድንጋይ ጠርዙ ተደብድቦ ደቆ ነው የሚገኘው፣ ትክክለኛውን ቦታ ስተው ደጋግመው ስለሚመቱ። የጎናዎቹ በመሀል ናቸው፣ ግን ወደ ዘመናዊው ሰው ነው የሚጠጉት።

ልጅሽ አሁንም ካልተረታ አጥንቱን ጥሪለት። ጎና ላይ በስለት የተቆረጠ የእንስሳ አጥንት ተገኝቷል፣ ሰርተው ብቻ አልተዉትም ተጠቅመውበታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ መሳሪያዎቹን የሰራችው ሉሲ ናት? (ይሄን የጠየቃችሁ ስድስት ናችሁ)

መልስ፦ አይደለችም። ሉሲ ወደ 3.2 ሚሊዮን ናት፣ የጎናዎቹ 2.6፣ በመሀል 600 ሺህ ዓመት አለ። ማን እንደሰራቸው በስም የሚጠራ የለም፣ ከነዛ ጥንታዊ መሳሪያዎች ጋር የሰሪው አጥንት አብሮ አልተገኘም። ከጎና ወደ ደቡብ ቡሪ ላይ የተገኘው አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ የሚባለው ጥንታዊ ዝርያ 2.5 ሚሊዮን ነው፣ እዛው የተቆረጡ አጥንቶች አሉ፣ ስለዚ ይጠረጠራል። ከሌዲ ገራሩ የወጣው የሆሞ (እኛም ያለንበት ወገን ነው) መንጋጋ ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ነው፣ እሱም ይጠረጠራል። ሀዳር ላይ የሆሞ የላይኛው መንጋጋ ከመሳሪያ ጋር ተገኝቷል፣ ግን እሱ 2.3 ነው።

ጎና ራሷ ብዙ ቆይታ ነገሩን ታወሳስበዋለች። በ2020 የታተመ አንድ ሆሞ ኢሬክተስ የሚባል የጥንት ሰው ዝርያ የራስ ቅል አለ፣ እድሜው ከ1.5 እስከ 1.6 ሚሊዮን፣ አንጎሉ ትንሽ ነው 600 ሲሲ እንኳን አይሞላም፣ እና አጠገቡ የተገኘው ሁለቱም ነው፣ ያ ቀላሉ ፍላጭም በሁለት በኩል ተጠርቦ የእንባ ቅርጽ የያዘው የእጅ መጥረቢያም። ድሮ የተማርነው አንዱ ቴክኖሎጂ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል፣ አንዱ ለአንዱ ዝርያ ነው የሚል ነበር። እኛ ቤት ቢላም ምላጭም አለ አይደል፣ እነሱም ቤት እንደዛው ነበር ማለት ነው። ቤት ካላቸው።

አንዷ ደግሞ እግረ መንገዷን የነዚህ ቀላል መሳሪያዎች መጠሪያ ኦልዶዋን ከሚሆን ለምን ጎናዊ አልተባለም ብላለች። ታንዛኒያ ኦልዱቫይ ላይ እነ ሜሪ ሊኪ ቀድመው ስላጠኑት ነው፣ የኛ ሲገኝ ክርስትናው ተነስቶ አልቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ ከ70 አልፏል። እናንተ የድንጋይ ዘመን ትላላችሁ፣ እኛ ልጅ ሆነን ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች በባልጩት ሲፍቁ አይቻለሁ። ታዲያ መቼ ነው ያለፈው?

መልስ፦ አባቴ እድሜ ይስጥልኝ፣ ይሄን ጥያቄ ፕሮፌሰሮችም ጠይቀውታል፣ እርስዎ ግን አይተው ነው የጠየቁት። ልክ ነዎት። በሀዲያ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጋሞ፣ በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች በድንጋይ መፋቂያ ሲሰሩ በኛ ዘመን ተመዝግቧል፣ እንጨት እጀታ ላይ በሙጫ አጣብቀው፣ ሲደንዝ ጠርዙን ቀስ አድርገው እየመቱ እየሳሉ። ኮንሶ ላይ ደግሞ ሰሪዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ድንጋዩን መርጠው የሚያመጡትም የሚጠርቡትም እነሱ ናቸው፣ ይሄ ሲታወቅ የድንጋይ መሳሪያ ሰሪ ሲባል ሁልጊዜ ጺማም ወንድ ይስሉ የነበሩ መጻሕፍት አፍረዋል። እኛ ደግሞ ማፈር ያለብን በሌላ ነው፣ አቅማዳውን አጎዛውን ጀንዲውን እየተጠቀምን ሰሪውን ፋቂ ብለን ስድብ አድርገነዋል፣ ልጆቻቸው ሙያውን የሚሸሹት አንዱ ለዛ ነው።

አክሱም እንኳን፣ ሳንቲም እየመታ ከባህር ማዶ በሚነግድበት ዘመን፣ ጥቃቅን የድንጋይ መፋቂያዎች ነበሩት፣ የጉዲት መፋቂያ ይሏቸዋል፣ በብዛት ነው የተገኙት። የዝሆን ጥርስና እንጨት መስሪያ ናቸው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ብረት እያለ ማለቴ ነው።

እርስዎ ባልጩት ያሉት ራሱ ታሪክ አለው። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባልጭት የሚባል ቦታ አለ፣ ስሙ ከድንጋዩ ነው፣ ጥቁሩ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ድንጋይ እዛ ሞልቷል፣ ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ሲለቅምበት ኖሯል። ሁለቱም ቦታ አንድ ላይ በ2024 ዩኔስኮ መዝግቧቸዋል። አዲስ አበባ ከመጡ ቅርብ ነው፣ ልጆችዎ ይዘዎት ይሂዱ፣ የሚያስጎበኘውን ልጅ እርስዎ ያስተምሩታል።

ጥያቄ፦ እኔ መሞከር ነው የምፈልገው፣ ቤት ውስጥ ይቻላል? ከየት ልጀምር? (የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ)

መልስ፦ ቤት ውስጥ አይሞከርም፣ ግቢ ውጣ። መጀመሪያ ግን ኮብልስቶን የሚጠርቡ ልጆች ጋ ሂድና ግማሽ ሰዓት ቁጭ በል፣ በብረት መዶሻ ቢሆንም አይናቸው የጠርዙ አንግል ላይ ነው፣ ድንጋዩን አንስተው አንዴ አገላብጠው የሚፈታበትን ያውቁታል፣ አንደኛው እንዲህ ነው እንዲህ ነው ብሎ ሲያስረዳኝ ከዩኒቨርሲቲ ሌክቸር በላይ ነው የገባኝ።

መነጽር አድርግ። ቀልድ አይደለም፣ ስብርባሪው አይን ውስጥ ነው የሚገባው። ወፍራም ጓንት፣ ጭንህ ላይ ደግሞ አሮጌ ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ። እኔ መጀመሪያ ቀን ጓንት ምን ያደርጋል ብዬ ባልጩት ስመታ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መሀል ተሰንጥቆ አልተሰማኝም ነበር፣ ስለቱ እንደዛ ነው፣ ደሙ ሱሪዬ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያየሁት፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ለጀማሪ ደቃቅ ባዛልት ይሻላል፣ ወይም የወፍራም ጠርሙስ ቂጥ። መዶሻህ ክብ የወንዝ ድንጋይ ይሁን፣ እንቁላል የምታክል ሳይሆን ከዛ ከበድ የምትል። ክንድህን ከትከሻህ አታንሳ፣ ከክርንህ ነው፣ እና ድንጋዩን ወደታች ስትመታ እንደመግፋት አድርገህ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ድንጋዩ ውስጥ አስብ። መጀመሪያ 20 ድንጋይ ታበላሻለህ፣ ይሄኔ ካንዚ ትዝ ይልሃል፣ ወለሉ ላይ መፈጥፈጥ ያምርሃል።

ከመሳሪያ ቦታዎች ግን አንድም ድንጋይ እንዳታነሳ፣ መልካ ቁንጡሬም ሆነ ሌላ ቦታ፣ መለማመጃ አይደሉም። ስትጨርስ ደግሞ ስብርባሪህን ጥረገውና አንድ ቦታ ቆፍረህ ቅበረው፣ ላዩ ላይ ዝም ብለህ አፈር አትመልስ፣ መጀመሪያ የ1 ብር ሳንቲም ጣልበት፣ ዓመተ ምህረቱ ተጽፎበታል።